ይህ ሐሜት ነውን?

ሐሜትን እንጸየፍ ዘንድ ከልጅነታችን ተምረናል። ነገር ግን፣ ወዳጆች ሆይ፣ አንዲት ሠራተኛ ለባልንጀራዋ፣ «ከዚያ አለቃ ጋር ብቻሽን አትቅሪ» ብላ በጆሮዋ ብትነግራት፣ ይህ ሐሜት ነውን? አይደለም እንላለን።

በሆሊውድ ሴቶች ስለ ፊልም ፕሮዲዩሰሩ ስለ ሃርቪ ዋይንስቲን ለብዙ ዓመታት እንዲህ ይጠነቃቀቁ ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 እንደ ገለጠው፣ ሰውየው ቢያንስ ከ8 ሴቶች ጋር በገንዘብ ተስማምቶ ነበር፤ የዝምታ ውልም ነበረበት። አፍ በውል ከታሰረ ከሹክሹክታ በቀር ምን ይቀራል?

ሆኖም ሹክሹክታ የሚደርሰው ወዳጅ ላላት ነው። ትናንት ለተቀጠረችው፣ ዘመድ ለሌላት ልጅ ማን ይነግራታል? በሐሰት የተጠረጠረም ቢኖር መልስ የሚሰጥበት ሸንጎ የለውም።

ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባወጣው በትልቁ ካቴኪዝም የባልንጀራህን ኃጢአት አትግለጥ ሲል ዳኞችን፣ ሰባኪዎችንና ወላጆችን ለይቶአል፤ መገሠጽ ሥራቸው ነውና። እንግዲህ ነገሩ ወደ እኛ በደረሰ ጊዜ «ሐሜት አንሰማም» ብለን ፊታችንን ብናዞር፣ ሸክሙን የምንጭነው ምንም ባልሰማችው በዚያች ልጅ ላይ ነው።