ከ527ኛው አኃዝ ወዲያ

ፓይን በትምህርት ቤት የተዋወቅነው ‹‹ሃያ ሁለት ሰባተኛ›› በሚል የተውሶ ስም ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ስም ልኩ አይደለም። 22ን ለ7 ያካፈለ ሰው ከ3 ቀጥሎ 142857ን ያገኛል፤ ገፍቶ ቢሄድም ያው 142857 ዞሮ ይመጣበታል። ፓይ ግን ዞሮ የሚመጣ ነገር የለውም። የአንድ ክብ መጠነ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው ይህ ቁጥር በምንም ክፍልፋይ እንደማይገለጽ ዮሐን ላምበርት የተባለው ሊቅ በ18ኛው መቶ ዓመት አረጋግጧል። አኃዞቹ አያልቁም፤ በዑደትም አይመለሱም።

ታዲያ መጨረሻ የሌለውን ነገር ሲቆጥሩ ዕድሜን መፍጀት ምን ይባላል? ሥራ ነው ወይስ ከንቱ ድካም?

እንግሊዛዊው ዊልያም ሻንክስ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስተዳድር ነበር። በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ምንም መኪና፣ በወረቀትና በቀለም ብቻ ፓይን ሲያሰላ ብዙ ዓመት ቆየና በ1873 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) 707 አኃዞች አሳተመ። በ1882 አረፈ። 528ኛው አኃዝ ግን ስሕተት ነበር። አንዱ ሲሳት ተከታዩ አይድንምና ከዚያ ወዲያ ያሉት 179 አኃዞች አብረው ገደል ገቡ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ለሻንክስ ከንፈራቸውን ይመጡለታል። እኔ አልመጥለትም። 527 እውነተኛ አኃዞች በላቡ አግኝቷል (የጠፈር መንኮራኩር ለመምራት እንኳ ከነጥብ በኋላ 15 ያህል ይበቃል)። ከንፈሬን የምመጠው ለአድናቂዎቹ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ አመሰገኑት፤ ገለበጡት፤ በ1937 ፓሪስ ውስጥ በአንድ የሳይንስ ቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ አኃዞቹን ደረደሩለት። ኦገስተስ ደ ሞርጋን እንኳ ሻንክስ ቀደም ሲል ባወጣቸው 607 አኃዞች ውስጥ 7 ቁጥር ከእኩዮቹ አንሶ መታየቱን ታዝቦ ነበር። ትዝብቱ ትዝብት ሆኖ ቀረ።

ለመሆኑ ያልመረመሩትን ማክበር ማክበር ነው? በእኛ አገር የታላቅ ሰው ሥራ ላይ ብዕር ማንሣት ድፍረት ይባላል፤ ‹‹ማን ነኝ ብለህ ነው?›› ያሰኛል። እኔ ግን አንድን ሥራ ሳያነብቡ ከሚያጨበጭቡለት ሺህ ሰዎች ይልቅ መስመር በመስመር የተሟገተው አንድ ሰው ለደራሲው ይቀርባል ባይ ነኝ። ጭብጨባ ጉልበት አይጠይቅም፤ ለመመርመር ግን ደራሲው የደከመውን ያህል መድከም ያስፈልጋል።

ዲ. ኤፍ. ፈርጉሰን የደከመው ይህን ድካም ነው። በ1944 ሌላ ቀመር ይዞ ከመጀመሪያው አኃዝ ተነሣ። አምስት መቶ ሃያ ሰባት አኃዞች ድረስ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተጓዙ፤ በ528ኛው ላይ ተለያዩ። የፓሪሱ ግድግዳ በ1949 ታረመ። የፊተኞቹ 527 የሚታረም አልነበረባቸውም፤ ይህንንም ያወቅነው ፈርጉሰን ስለተጠራጠራቸው ነው።