ስለ ተማሪ ልብስና ስለ ልጅ ስጦታ፤ ለአስተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተጻፈ ምክር

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ የክርስቲያን ጠባይ የሚመረመረው በጸሎት ቤት ብቻ አይደለም። በገበያም፣ በማዕድም፣ በተማሪ ቤት በርም ይመረመራል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር፣ ይኸውም ልጆች ወደ ተማሪ ቤት ሲሄዱ ስለሚለብሱት ልብስና ስለ ጠጕራቸው አያያዝ እንነጋገር። ነገሩ ትንሽ ቢመስልህ አትናቀው፤ ከእንዲህ ያለ ነገር የተነሣ ልቡ የተሰበረ ልጅ አለና።

«ውሃን ከጥሩው፣ ነገርን ከሥሩ» እንደሚባል፣ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ተማሪ ቤት አስተማሪ ነበርሁ። ልጆቹ ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ሲሰለፉ ልብሳቸውንና ጠጕራቸውን የምንመረምረው በተራ ነበረ። ደንቡ ግልጥ ነው፤ ሹራቡ ሰማያዊ ይሆናል፤ በላዩም ሌላ ቀለም አይታይበትም። በመስከረም ወር፣ ተራው የእኔ በሆነበት ቀን፣ አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ በሹራብዋ ክርን ላይ በቢጫ ክር ትንሽ አደይ አበባ ጠልፋ መጣች። ጥልፉ የልጅ እጅ ሥራ ቢሆንም ያማረ ነበረ፤ የአበባው ቅጠሎች አንድ በአንድ ተለይተው ይታዩ ነበር። እኔ ግን ደንቡን ብቻ አየሁ። በሰልፉ ፊት አቁሜ «ይህን አሁኑኑ ፍቺው» አልኋት። ልጅቱም አንድ ቃል ሳትመልስ ክሩን በጥፍርዋ መምዘዝ ጀመረች። አበባው በተፈታ ጊዜ ከበታቹ ቀዳዳ ታየ። ሹራቡ ከታላቅ ወንድምዋ የተረፈ አሮጌ ነበረና ክርኑ ተበልቶ ነበር፤ አበባውንም የጠለፈችው ቀዳዳውን ለመሸፈን ኖሮአል። በሰልፍ ላይ የነበሩት ልጆችም ሳቁ።

አንባቢ ሆይ፤ ያ ደንብ የተሠራው የድኻ ልጅ በልብሱ እንዳያፍር ነበረ። እኔ ግን በዚያው ደንብ የድኻ ልጅ አሳፈርሁ። ያች ልጅ በደብተርዋ ጠርዝ ወፎችና አበቦች ትሥል ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድም ሥዕል አላየሁባትም። በደሌን ተረድቼ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። እነርሱም ሰፈሩን ለቀው ሄደዋል፤ ወዴት እንደ ሄዱ የሚነግረኝ ጎረቤት አላገኘሁም። ስለዚህ ለእርስዋ ልነግራት ያልቻልሁትን ለአንተ እጽፋለሁ።

ይህን ስል ግን ደንብ በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ያዕቆብ ለዮሴፍ ብቻ ከወንድሞቹ ልብስ የተለየ ያማረ ቀሚስ ባደረገለት ጊዜ በቤቱ ቅናት እንደ ገባ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 37 እናነባለን። የያዕቆብ መልእክትም በምዕራፍ 2፣ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በክብር አስቀምጠው ያደፈ ልብስ የለበሰውን የሚያቆሙትን ሰዎች ይገሥጻል። ሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ቢለብሱ የባለጠጋው ልጅ በልብሱ የሚመካበት፣ የድኻውም ልጅ የሚሸማቀቅበት ምክንያት ይቀንሳል። በሎንዶን ከተማ በ1552 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለድኾች ልጆች የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል የሚባለው ተማሪ ቤት ልጆቹን ረጅም ሰማያዊ ልብስ አለበሳቸው፤ ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ ያንኑ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ተማሪ ቤቶች ለሚማሩ ልጆች የደንብ ልብስና ደብተር ያለ ዋጋ ማደል ጀመረ። የልብስ ዋጋ ከየት ይምጣ ብላ በመስከረም ለምትጨነቅ እናት ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

እንግዲህ ደንብ እንደ መልካም አጥር ነው። አጥር የሚሠራው ግን አትክልቱን ለመጠበቅ ነው። አጥሩን ለማቃናት ብሎ ችግኙን የሚረግጥ አትክልተኛ ሥራውን ዘንግቶአል። ጌታችንም ስለ ሰንበት ከፈሪሳውያን ጋር በተከራከረ ጊዜ ሥርዓት ለሰው ጥቅም እንደ ተሰጠ አስተማረ።

ምናልባት «የልጅ ጥልፍና ሥዕል ምን ቁም ነገር አለው?» ትል ይሆናል። በአገራችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላልና። ነገር ግን የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 6 ተመልከት። አንድ ብላቴና የያዘው አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ በጌታችን እጅ በገባ ጊዜ አምስት ሺህ ወንዶችን አጥግቦ ተረፈ። ለልጅ የተሰጠ ትንሽ ነገር በማን እጅ እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው?

እጅን ለብልሃት ሥራ የሚያሠለጥን ራሱ እግዚአብሔር እንደ ሆነም ቅዱስ መጽሐፍ ይመሰክራል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 31 እግዚአብሔር የኡሪን ልጅ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅ፣ በብርና በናስ፣ በዕንቍና በእንጨትም ይሠራ ዘንድ በመንፈሱ እንደ ሞላው ተጽፎአል። በምዕራፍ 28 ደግሞ የካህናት ልብስ በልክና በሥርዓት ይሠራ ዘንድ ታዘዘ። ካህኑ ደስ ያለውን ሊለብስ አልተፈቀደለትም። ነገር ግን በዚያው በታዘዘው ልብስ ዘርፍ ላይ ሮማን በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ክር እንዲደረግ፣ የወርቅ ሻኵራም በመካከሉ እንዲሆን ያው እግዚአብሔር አዘዘ። ልኩንም ጌጡንም የሰጠ አንዱ ጌታ ነው። ስለዚህ ሥርዓትና ብልሃት በአንድ ልብስ ላይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ እንማራለን።

እንግዲህ አንድ ልጅ ከደንብ ወጥቶ ባየኸው ጊዜ፣ ከመፍረድህ በፊት ሦስት ነገር ለይ።

1ኛ/ ትዕቢት እንደ ሆነ። ልጁ ከባልንጀሮቹ በላይ ለመታየት ወይም አስተማሪውን ለመናቅ አድርጎት እንደ ሆነ፣ በፍቅር ገሥጸው።

2ኛ/ ስጦታ እንደ ሆነ። እጁ የመሥራት ምኞት ሞልቶበት ቦታ አጥቶ በልብሱ ላይ ፈሶ እንደ ሆነ፣ ልብሱን እንዲያስተካክል ንገረው፤ ለእጁም ሌላ ቦታ ፈልግለት። ውሃ መውረጃ ካልተበጀለት ግድግዳ ያፈርሳል፤ ቦይ ቢወጣለት ግን አትክልት ያጠጣል።

3ኛ/ ተፈጥሮ፣ እምነት ወይም ችግር እንደ ሆነ። ልጁ ሊለውጠው የማይችለው ወይም ኅሊናው እንዲለውጠው የማይፈቅድለት ነገር እንደ ሆነ፣ አብዝተህ ተጠንቀቅ።

በዚህ በሦስተኛው ነገር ትልልቅ ተማሪ ቤቶችም ተሰናክለዋል። በ2021 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጋና አገር በአክራ ከተማ አቺሞታ የሚባለው ስመ ጥር ተማሪ ቤት፣ የራስ ተፈሪያን እምነት ያላቸውን ሁለት ልጆች የተገመደ ጠጕራቸውን ካልቆረጡ አንቀበልም አለ። ራስ ተፈሪያን ጠጕራቸውን የማይቆርጡት በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 6 የተጻፈውን የናዝራዊ ስእለት መሠረት አድርገው ነው። ነገሩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በዚያው ዓመት በሜይ ወር መጨረሻ ልጆቹ ይግቡ ተብሎ ተፈረደ። እኛ በሃይማኖታቸው ባንስማማ እንኳ፣ በጠጕር ምክንያት ልጅን ከትምህርት ደጅ መመለስ ከባድ ነገር እንደ ሆነ እናስተውል።

በጃፓን አገር በኦሳካ ደግሞ አንዲት ተማሪ «ጠጕሬ ከተፈጥሮው ቡናማ ነው» ስትል፣ አስተማሪዎችዋ ጥቁር ቀለም እንድትቀባ ደጋግመው አዘዝዋት። እርስዋም ከመምጣት ቀረች። እነርሱም ስምዋን ከክፍሉ የስም ዝርዝር አወጡ፤ መቀመጫዋንም አነሡ። የኦሳካ ፍርድ ቤት በ2021 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፌብሩዋሪ ወር፣ ተማሪዎች ጠጕራቸውን ቀለም እንዳይቀቡ የሚከለክለው ደንብ ከሕግ አልወጣም አለ፤ ነገር ግን ስምዋንና መቀመጫዋን ማንሣታቸው በደል ነው ብሎ 330,000 የን እንዲከፈላት ፈረደ። አስተውል፤ ደንቡ ጸንቶ ሳለ ልጅቱን መጣላቸው በደል ሆኖ ተቈጠረ። የዚህ ዓለም ፍርድ ቤት ይህን ከለየ፣ ከመቶ በጎች አንዱን ፍለጋ የሚወጣውን እረኛ የምናውቅ እኛማ እንዴት አብልጠን አንለይም?

እናንተ አስተማሪዎች ሆይ፤ ይህን ከበደለኛ ባልንጀራችሁ ስሙ። ልጅን ከመቅጣታችሁ በፊት «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁትም ለብቻው ጠርታችሁ ይሁን፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ወንድም የበደለ እንደ ሆነ አስቀድሞ ለብቻው እንዲወቀስ አዝዞአልና። በበር ቆሞ የልጅን ጠጕር በመቀስ ግማሹን ቆርጦ በባልንጀሮቹ ፊት የሚሰድድ ሰው ደግሞ የአሞንን ንጉሥ ሐኖንን ያስብ። እርሱ የዳዊትን መልእክተኞች ጢም ግማሹን ላጭቶ በሰደዳቸው ጊዜ እጅግ አፈሩ። ዳዊትም ጢማቸው እስኪያድግ ድረስ በኢያሪኮ እንዲቈዩ አደረገ፤ እፍረታቸውን ሸፈነላቸው። በሁለተኛ ሳሙኤል በምዕራፍ 10 ተጽፎአል። ከሁለቱ ነገሥታት የትኛውን ልትመስሉ ትወዳላችሁ? ደግሞም ለሚሥለው ልጅ አንድ የግድግዳ ማዕዘን፣ ለምትጠልፈው ልጅ የክፍሉን መጋረጃ ወይም የጠረጴዛውን ልብስ ስጡ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም፤ ልጆቹ ግን ለእነርሱም ቦታ እንዳለ ያውቃሉ።

እናንተ ወላጆች ሆይ፤ በአንደኛ ሳሙኤል በምዕራፍ 2 የተጻፈውን የሐናን ነገር አስቡ። ብላቴናው ሳሙኤል በእግዚአብሔር ቤት ሲያገለግል እንደ ሥርዓቱ የበፍታ ኤፉድ ታጥቆ ነበር። እናቱም በየዓመቱ በእጅዋ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት ነበር። የቤቱን ሥርዓት አልነቀፈችም፤ ልጅዋንም «ከእንግዲህ የዔሊ ነህ» ብላ አልተወችውም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በልጃችሁ ፊት አስተማሪውን አታዋርዱ፤ ነገር ግን የልጃችሁን ቃል ሳትሰሙ «አስተማሪህ ያለው ሁሉ ልክ ነው» ብላችሁ አታባርሩት። ተማሪ ቤት ያልፈቀደለትን ጥልፍ በቤት ይጥለፍ፤ በበዓል ቀን ይልበሰው። ቅዱስ ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን አስቈጥተው ልባቸውን እንዳያደክሙ የመከረው ስለዚህ ነው።

አንተም ተማሪ ሆይ፤ አንቺም ተማሪ ሆይ፤ ለእናንተም ቃል አለኝ። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ በባቢሎን ንጉሥ ቤት ሦስት ዓመት እንዲማሩ በተመረጡ ጊዜ፣ በማዕዱ ሥርዓት ኅሊናቸው አልፈቀደላቸውም። ነገር ግን አልተሳደቡም፤ ማዕዱንም አልገለበጡም። ዳንኤል ወደ ሹሙ ሄዶ በትሕትና ለመነ፤ ዐሥር ቀንም እንዲፈትናቸው ጠየቀ። እናንተም ደንቡ ቢከብዳችሁ በስውር ከመጣስ ይልቅ በግልጥ ጠይቁ፤ ምክንያታችሁን ተናገሩ፤ መልሱንም በትዕግሥት ጠብቁ። በልብሳችሁ ላይ አንድ አበባ እንዳትጠልፉ ስለ ተከለከላችሁ እግዚአብሔር የሰጣችሁ እጅ የተወሰደባችሁ አይምሰላችሁ። ጌታችንም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ መምህራንን እየጠየቀ አስደነቃቸው፤ ከዚያም ወደ ናዝሬት ወርዶ ለወላጆቹ ታዘዘ። መታዘዙ ጥበቡን አላጠፋበትም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ በጥበብ ማደጉን ከመታዘዙ ቀጥሎ ይጽፋልና።

አንባቢ ሆይ፤ ሳሙኤል በእሴይ ቤት የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ ሊሳሳት በቀረበ ጊዜ፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን እንደ ሆነ ተነገረው። ነቢይ እንኳ በመልክ ሊሳሳት ከቀረበ፣ በጠዋት ሰልፍ ፊት በችኰላ የሚፈርድ አስተማሪ እንዴት አይሳሳትም? እኔ በዚያ ጠዋት «ልጄ፣ ይህን ለምን ጠለፍሽው?» ብዬ በጆሮዋ ብጠይቃት ኖሮ፣ ስለ ቀዳዳው ትነግረኝ ነበር። ከዚያም በሰማያዊ ክር እንድትሰፋው ልንገራት እችል ነበር፤ ሰማያዊም ክር በኪሴ ባይኖር በሦስት ሱቅ ማዶ ይሸጥ ነበር። ደንቡም ይጠበቅ ነበር፤ ልጅቱም አታፍርም ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነበረ።

ነገ ጠዋት በበር የምትቆም አስተማሪ ብትሆን፣ ወይም ልጅህን ልብስ የምታለብስ ወላጅ ብትሆን፣ ይህን አንድ ጥያቄ ይዘህ ሂድ። ልጁን ጠይቀው፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስማው። እግዚአብሔር አባታችን በአደራ የሰጠንን ልጆች በትዕግሥት የምናሳድግበትን ልብ ይስጠን፤ በእጃችን የተጐዱትንም እርሱ በሚያውቀው ቦታ ሁሉ ይፈውሳቸው። አሜን።