የአያት በደል በማን ላይ ነው?



መስከረም 2011 የቡራዩ ግፍ አርባ ምንጭ ሲሰማ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ተንበረከኩባቸው፤ ወጣቱም ተመለሰ። ቁርኣንም (አል-አንዓም 164) ማንም የሌላውን ወንጀል እንደማይሸከም ያስተምረናል።

«ታዲያ የአያቶቻችን በደል አይመለከተንም?» ይመለከተናል። ወንጀል አይወረስም፤ የሰው ሐቅ ግን በሞት አይጠፋም። ውርስ የሚከፋፈለው የሟች ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው (አን-ኒሳእ 11)። የተቀማ ንብረት ስለተወረሰ ብቻ ሐላል አይሆንም። ባለቤቱ ወይም ወራሹ ከታወቀ ይመለስለታል፤ ካልታወቀ ብዙ ዑለማዎች በስሙ ሶደቃ ይሰጥ ይላሉ።

ካሳ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው መሬት ተነፍጎ፣ ጋብቻ ተከልክሎ ኖሯል። አያትህ ስለሠራው አትጠየቅም። ዛሬ ግን አንድ ሷሊሕ ወንድም ለኒካሕ ሲመጣ «ዘሩ ምንድን ነው?» ብለህ ከመለስከው፣ በደሉ የአያትህ መሆኑ ቀርቶ ያንተ ሆነ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዲናርና ዲርሃም የማይጠቅሙበት ቀን ሳይመጣ፣ የበደልነውን ሰው ዛሬውኑ አውፍ እንድናስብል አዘውናል። ከሶላት በኋላ ሐቁ ያለብንን አንድ ሰው እንፈልግ።

አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን። አሚን። ጁሙዓ ሙባረክ!