በጫካ መካከል ያለ ሜዳ የማን ሥራ ነው?

በሰሜን ካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ በሚገኘውና በ1968 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የሬድዉድ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቁመታቸው ከ100 ሜትር በላይ በሚደርስ ዛፎች መካከል ፕሬሪ የሚባሉ፣ ማለትም ዛፍ አልባ የሆኑ የሣር ሜዳዎች አሉ። በእነዚህ ሜዳዎች የሩዝቬልት ኤልክ የተባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘር ይሰማራል፤ ከባሕሩ የተነሣው ጉም ሣሩን ባረጠበበት ማለዳ እንስቶቹ ጥጆቻቸውን አስከትለው ከጫካው ጥግ ብቅ ይላሉ፣ አንገታቸውንም ደፍተው ይግጣሉ።

«ተፈጥሮ» ማለት የሰው እጅ ያልነካው ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሜዳ ተፈጥሮ ሊባል ይችላልን? የዩሮክ ሕዝብና ሌሎች የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለብዙ ዘመናት ሣሩን በታሰበበት እሳት እያቃጠሉ ሜዳው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደርጉ ነበር፤ እሳቱ በተከለከለ ጊዜም ዳግላስ ፈር የተባለው ዛፍ ሜዳውን እየወረረ የኤልኩን ግጦሽ አጠበበው። ሰውን ከፍጥረት ውጭ የሚያቆም አስተሳሰብ፣ በቅን ልቦና የተነሣ ቢሆን እንኳ፣ እጠብቀዋለሁ ያለውን ሕይወት ይጎዳል። በኦሪት ዘፍጥረትም ለአዳም በገነት የተሰጠው አደራ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ማልማትም ነው፤ ሁለቱ በአንድ ትእዛዝ መነገራቸው ልብ ሊባል ይገባል። ዛሬ የፓርኩ ባለሙያዎች በተመጠነ እሳት ሜዳውን ራሳቸው ያቃጥላሉ።