ሕዋስ ቢሳሳት ማን ይከሰሳል?

ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ወንድማችን ሊምፎማ በተባለው የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰር ሲያዝ፣ «የእጁን አገኘ» የምንል አንታጣም። ፍርዳችን ግን እውነትን የተከተለ ነውን?

በቫይረሱ ምክንያት ቢ ሴል የተባሉት ሕዋሳት ያለ ዕረፍት እየተቀሰቀሱ ሲባዙ፣ በዘረ መላቸው ላይ ስሕተት ሊደርስ ይችላል፤ በበርኪት ሊምፎማ ብዙ ጊዜ የ8ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ወደ 14ኛው ይዛወራል። ይህ ለውጥ ከወላጅ አይወረስም፤ ወደ ልጅም አይተላለፍም፤ ሕመምተኛውም አልመረጠውም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ጥምር መድኃኒት አደጋውን እጅግ ቀንሶታል፤ ፈጽሞ ግን አላጠፋውም።

እንግዲህ የሕዋስ ስሕተት የነፍስ በደል አይደለም። ነገር ግን ሐሜታችንን ፈርቶ ምርመራውንና መድኃኒቱን የተወ ሰው ቢኖር፣ ለሚደርስበት አደጋ እኛም ተጠያቂዎች ነን።