የአባቶች ጋሻ ለልጆች ይበቃልን?

ከአባቶቻችን የወረስነው መከላከያ እኛ ሳንደክም ዘወትር ይጠብቀናል ብለን ልንታመንበት ይገባናልን? ይህን ለመመርመር፥ ቀድሞ ሲያም በምትባለው በታይላንድ የነበረችውን መናገሻ ከተማ፥ የአዩታያን ታሪክ እንመልከት።

አዩታያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1351 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ቻኦ ፕራያ፥ ሎፕቡሪና ፓሳክ የተባሉት ሦስት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ነው። ውሃ ዙሪያዋን ስለ ከበባት፥ ወንዙ ለገበሬው የሩዝ ማሳ፥ ለነጋዴው መንገድ፥ ለወታደሩም ምሽግ ሆነላት። በ1511 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኛ ደረሰባት፤ በኋላም ጃፓኖችና ሆላንዶች በዳርቻዋ ሰፍረው ይነግዱባት ነበር።

ጠላት ሲከባት የከተማይቱ ተስፋ ክረምቱ ነበር፤ ወንዙ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ከባቢው ጦር ሰፈሩን ነቅሎ መሄድ ግድ ይሆንበታልና። በ1569 ዓ.ም. በበርማ ንጉሥ እጅ መውደቋ ግን፥ ውሃ ብቻውን እንደማያድን አስቀድሞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነበር።

በ1766 ዓ.ም. የበርማ ጦር እንደ ገና ከበባት። ክረምቱ መጣ፥ ወንዙም ሞላ፤ ጠላት ግን አልሄደም። ከፍ ባለው መሬት ላይ ሰፍሮ፥ ጀልባም አዘጋጅቶ ውሃው እስኪጎድል ቆየ። በ1767 ዓ.ም. ከተማይቱ ተያዘች፥ ተቃጠለችም። ወንዙ እንደ ልማዱ ሞልቶ ነበር፤ የተለወጠው የጠላት ብልሃት ነው።

ለብዙ ዘመን ያዳናቸውን ነገር ቢያምኑ ምን ጥፋት አለባቸው? የሚል ይኖራል። በእውነቱ ልምድ ታላቅ መምህር ነው፤ ነገር ግን ያለፈውን ያስተምረናል እንጂ ለሚመጣው ዋስ አይሆነንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረታችንም ይህንኑ ያስረዳል።

ታክሲን የተባለው የጦር አለቃ ግን ከከበባው ወጥቶ ሠራዊት ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመትም ከተማይቱን አስለቀቀ። ሆኖም መናገሻውን በፍርስራሹ ላይ አልመለሰም፤ ወንዙን ተከትሎ ወደ ቶንቡሪ ወረደ። በ1782 ዓ.ም. ባንኮክ መናገሻ ስትሆንም፥ የአዩታያ ጡብ በወንዙ ተጭኖ ለአዲሲቱ ከተማ ግንብ ዋለ።

እንግዲህ ያው ወንዝ የተማመኑበትን አላዳነም፤ የሠሩበትን ግን አገለገለ። እኛም በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት፥ ቀድሞ እንዲህ ነበር ማለትን እንደ መልስ ስንቆጥረው፥ የክረምቱን ሙላት ብቻ እንደሚጠብቅ ከተማ መሆናችን ነው። ውርስ የሚከበረው ተቀባዩ በዘመኑ ጥያቄ ፊት አቁሞ ሲመረምረውና የጎደለውን ሲሞላበት ነው።