ኮንክሪት ከመሙላትህ በፊት

ልጄ፣ አቦከር በያዝከው ቦታ ላይ ጂ ፕላስ ቱ ልታቆም መሠረት ማስቆፈር መጀመርህን እናትህ ነገረችኝ። አላህ ያሳምርልህ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርህ።

«ሐረር ደግሞ ምን የመሬት መንቀጥቀጥ አላት?» እንደምትል አውቃለሁ። ስምጥ ሸለቆው አዲስ አበባን በአንድ ወገን፣ እኛን በሌላው አድርጎ በየዓመቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ያራርቀናል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አዋሽና መተሐራ ላይ የምታቋርጠው እሱን ነው። በ2017 ከመስከረም ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች ሥር የቀለጠው ዐለት መውጫ ሲፈልግ አካባቢው ለወራት ተናጠ፤ የካቲት 7 የደረሰው መንቀጥቀጥ 6.0 ሆኖ ተለካ። ስንቱ አርብቶ አደር ቀዬውን ጥሎ ሸሸ!

የዛሬ ነገር እንዳይመስልህ። በነሐሴ 1898፣ በምኒልክ ዘመን፣ ከላንጋኖ በኩል የተነሳው አዲስ አበባን አንቀጥቅጧል። በ1953 ማጀቴ ፈራረሰች፣ ካራቆሬም ተጎዳች። መጋቢት 20 ቀን 1961 አፋር ውስጥ ሰርዶ ወደመች፣ ሰው ሞተ። ይህን ሁሉ ለቃቅመው በ1971 በመጽሐፍ ያኖሩልን አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው። ባለውለታችን ናቸው፤ ያልተጻፈ መከራ ቶሎ ይረሳል።

አሁን ወደ ቤትህ ልምጣ። ምድር ቤቱን ለሱቅ ክፍት ልተወው ብለሃል አሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ብሎኬቱ ሁሉ ከላይ ተቆልሎ ከታች ኮለን ብቻ ሲቀር፣ መሬት ወደ ጎን በተንገዋለለ ጊዜ የላይኛው ቤት እንደ ድፍን ነገር ይሄዳል፤ ጉልበቱ በሙሉ የሚያርፈው በኮለኖቹ ራስና እግር ላይ ነው። እዚያ ይሰበራሉ፣ ፎቁ ይቀመጣል። በጥር 2015 ቱርክ ውስጥ በደረሰው መንቀጥቀጥ ስንቱ ቤተሰብ ከነሱቁ ያለቀው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ስለዚህ ከሱቆቹ መካከል ከታች እስከ ላይ የሚዘልቅ የኮንክሪት ግድግዳ እንዲገባ መሐንዲሱን ጠይቀው። አንድ በር ይቀንስብህ ይሆናል፤ ይቀንስ።

ስታፋውንም እይ። ኮለኑ ከቢሙ በሚገናኝበት አካባቢ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ ይታሰር፤ ጫፉም ወደ ውስጥ ታጥፎ ይግባ። ዘጠና ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ ቤቱ ሲናጥ ይከፈታል፣ ፌሮውም ይጎብጣል። ፌራዮዎች ሥራው ስለሚያደክማቸው ያልፉታል። ኮንክሪቱ እንዲፈስላቸው ውኃ የሚያበዙትንም ከልክል።

የሀገራችን የግንባታ ኮድ ለመንቀጥቀጥ የሚሆን ስሌት አለው። ፕላኑን ከሌላ ሰው ቤት አትቅዳ፤ በአፈርህ ላይ ይሰላልህ፣ ገንዘብ ቢያስወጣህም።

እኔም ለራሴ ቤት እሰጋለሁ፤ የምኖርበት የድንጋይና የጭቃ ቤት ግድግዳው ከባድ ነው። ከመደቡ በላይ የተሰቀሉትን ሳህኖች ልጆች ከሚተኙበት በኩል አውርጃቸዋለሁ። አክስትህ ቅር ብሏታል፣ ግን ገብቷታል።

ስታፋው ታስሮ ሳይሸፈን ጥራኝ። መሐንዲሱ ባለበት አንድ በአንድ እናየዋለን።